ከካቡ ማዶ የተሰማሩ በጎች

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ከሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች መካከል ወደ ሰሜን የምትርቀው ኖርዝ ሮናልድሴይ፣ ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ የታጠረች ትንሽ ደሴት ናት። ካቡ የሰው ቁመት ያህል ነው፤ ርዝመቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ እንጂ ጭቃም ሲሚንቶም አልነካውም። አጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠረው ከብቱ ከውስጥ እንዳይወጣ ነው። ይህ ካብ ግን በጎቹን ከውጭ ለማስቀረት የተካበ ነው። ሣሩና እርሻው በውስጥ፣ በጎቹ ደግሞ በካቡና በባሕሩ መካከል በቀረችው ቋጥኝ የበዛባት ጠባብ ዳርቻ ላይ ናቸው፤ የሚበሉትም ባሕሩ የሚያበቅለውንና ማዕበሉ የሚተፋውን አረም ነው። የባሕር አረም ለከብት ቢሰጥ በሬና ላም ሲያገሱ የሚያወጡት ሚቴን በእጅጉ ይቀንሳል የሚለው ግኝት ከተሰማ ወዲህ የእነዚህ በጎች ስም ደጋግሞ ይነሣል። የጥንት ሰዎች ያውቁት የነበረውን ሳይንስ ዛሬ ደረሰበት፣ ስለዚህ ወደ ቀድሞው ልማድ መመለስ ይበቃል ይባላል። አነጋገሩ ደስ ቢልም ታሪኩ አይደግፈውም። የባሕር አረም መኖ ሆኖ የሰነበተበትንም የተተወበትንም ዘመን ተራ በተራ ብንመረምር፣ ጉዳዩን የወሰነው በእንስሳው ሆድ ውስጥ የሚሆነው ነገር ብቻ እንዳልነበረ እናያለን። ከዚያ ይልቅ መሬቱ የማን ነው፣ ድካሙን ማን ይሸከማል፣ ወጪውን ማን ይከፍላል የሚሉት ጥያቄዎች ይበልጡ ነበር። ዛሬም የሚበልጡት እነዚሁ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ልማዱ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። በዚያው በኦርክኒ፣ ከፓፓ ዌስትሬይ ደሴት አጠገብ ባለች አንዲት ንዑስ ደሴት ላይ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ በጎች ጥርስ ተቆፍሮ ተገኝቷል። ጥርስ ሲያድግ እንስሳው የበላውን ነገር ኬሚካላዊ አሻራ በንብርብር ይዞ ስለሚቀር፣ ተመራማሪዎች የካርቦን አይሶቶፕ መጠኑን ከጥርሱ ጫፍ እስከ ሥሩ እየለኩ በጎቹ በየትኛው ወቅት ምን ይበሉ እንደነበር ለማወቅ ችለዋል። በብርዱ ወራት የባሕር አረም፣ በሙቀቱ ወራት ሣር ይበሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት፣ የዩልዮስ ቄሳር ሠራዊት ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር ሩስፒና አጠገብ ተከቦ መኖ ባለቀበት ጊዜ፣ ነባሮቹ ወታደሮች ከባሕር ዳር አረም ሰብስበው፣ ጨውን በጣፋጭ ውኃ አጥበው ፈረሶቻቸውን በዚያ እንዳቆዩ የዘመቻው ታሪክ ይመሰክራል። በአይስላንድ በጎች በብርድ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ይነዱ ነበር፤ በስዊድኗ ጎትላንድ ደሴት የባሕር አረም ተቀቅሎ፣ ዱቄት ተቀላቅሎበት ለአሳማ ይሰጥ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ አረሙ የችግር ጊዜ መሻገሪያ ነበር። ሣር ሲበቅል እንስሳው ወደ ሣሩ ይመለስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አረም ብቻ ይበላ ተብሎ የተፈረደበት መንጋ የምናገኘው በኖርዝ ሮናልድሴይ ሲሆን፣ ፍርዱም የተሰጠው በ1832 ነው። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚያ ያደረሰው መንገድ የጀመረው ከመኖ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ንግድ ነው። በ1722 ጄምስ ፌ የተባለ ባለመሬት ስትሮንሴይ በምትባለው የኦርክኒ ደሴት የባሕር አረም አቃጥሎ አመዱን መሸጥ ጀመረ። አመዱ ሶዳ ስላለው የመስታወትና የሳሙና ሠሪዎች ይፈልጉት ነበር። ሥራው እጅግ አድካሚ ነው። አረሙ ከቀዝቃዛ ውኃ ይታጨዳል፣ በጀርባና በፈረስ ወደ ላይ ይወጣል፣ በነፋስ ይደርቃል፣ ከዚያ ድንጋይ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ለሰዓታት ይነድዳል። ቀልጦ እንደ ዝፍት ሲሆን በብረት ዘንግ ይማሰላል፤ ሲቀዘቅዝ ደንጊያ ይሆንና ተፈልጦ ይጫናል። ለአንድ ቶን አመድ ወደ 20 ቶን እርጥብ አረም ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ጭሱ ዓሣ ያርቃል፣ ሰውና ከብት ያሳምማል ብሎ በ1742 በስትሮንሴይ ሁከት አስነሣ። ኋላ ግን ጭሰኛው ምርጫ አልነበረውም። ባለመሬቱ የኪራዩን ክፍያ በአረም ማቃጠል ሥራ እንዲከፍል ስላደረገው፣ እርሻው በሚፈልገው ወራት ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ይውል ጀመር። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ከውጭ የሚመጣው ሶዳ ሲቋረጥ የአንድ ቶን አመድ ዋጋ እስከ 20 ፓውንድ ወጣ፤ ትርፉ ግን ለባለመሬቶቹ ነበር። የአረሙ ዳርቻ የባለርስቱ ሀብት፣ የእንስሳው መኖነት ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ጉዳይ የሆነው በዚህ ዘመን ነው።

ጦርነቱ በ1815 ሲያበቃ የስፔን ሶዳ ተመለሰ፤ በ1820ዎቹ ቀረጡ ተቀነሰለት። ፈረንሳዊው ኒኮላ ሌብላን የቀየሰው ከተራ ጨው ሶዳ የማውጣት ዘዴም ወደ ብሪታንያ ፋብሪካዎች ገባ። የኦርክኒ አመድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገዢ አጣ። ባለመሬቶቹ ገቢያቸውን ከሌላ ነገር ማግኘት ነበረባቸውና ፊታቸውን ወደ እርሻና ወደ ቀንድ ከብት መለሱ። በኖርዝ ሮናልድሴይ ያሉት ትንንሾቹ ነባር በጎች በቂ ትርፍ አያስገቡም፤ በዚያ ላይ ሰብልና ሣር ያበላሻሉ። ስለዚህ በ1832 ካቡ ተካበና በጎቹ ወደ ውጭ ተገፉ። ነገሩን ልብ እንበለው። አረሙ ምርጥ መኖ ስለሆነ በጎች ይብሉት ያለ ሰው አልነበረም። ሣሩ ለላሙ ስለተፈለገ በጎቹ ሌላ ሰው የማይፈልገውን እንዲበሉ ተተዉ። ዛሬ እንደ ጥንታዊ ጥበብ የሚወሳው ልማድ አሁን ያለውን መልክ የያዘው አንድ ንግድ ሲከስር በተሰጠ የመሬት ድልድል ውሳኔ ነው።

በጎቹ ያንን ውሳኔ እንዴት እንደኖሩበት ማየት ግን ያስደንቃል። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በጎቹ የቀናቸውን ሥርዓት ከፀሐይ ሳይሆን ከውኃው ጋር አስማምተዋል። ውኃው ማፈግፈግ ሲጀምር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከተኙበት ተነሥተው እግር በእግር ይከተሉታል፤ ከቋጥኙ ላይ የተንጠለጠለውን ቡናማ አረም እየመረጡ ይግጣሉ። ውኃው ሲመለስ ወደ ካቡ ጥግ ይጠጉና ያመሰኳሉ። በብርዱ ወራት ማዕበሉ ከጥልቁ ነቅሎ የሚያወጣው አረም ስለሚበዛ፣ ሌላ ቦታ ያለ በግ በሚከሳበት ጊዜ እነዚህ የሚበሉት አያጡም። የባሕር አረም መዳብ ስለሚያንሰው ሰውነታቸው የምትገኘዋን ጥቂት መዳብ አሟጦ መያዝን ለምዷል። በዚህም ምክንያት ተራ ሣርና የተመጣጠነ መኖ ለረጅም ጊዜ ቢበሉ መዳቡ በጉበታቸው ተከማችቶ ሊገድላቸው ይችላል። የደሴቲቱ ሰዎች በበኩላቸው ለሽለታና ለቆጠራ በደቦ ይወጣሉ፤ በጎቹን በዳርቻው እየነዱ በድንጋይ በረቶች ውስጥ ያስገባሉ። እናት በጎች ግን ለመውለድ ሲቃረቡ ወደ ካቡ ውስጥ ይገቡና ግልገሎቻቸውን በሣር ላይ ያሳድጋሉ፤ ወደ ባሕር ዳር የሚመለሱት ከወራት በኋላ ነው። ልማዱን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው፣ እንስሳው ብዙ ጉልበት በሚያወጣበት ወቅት አረሙን አላመኑትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በጎቹ እስከ መዳብ አያያዛቸው ድረስ ከተለወጡ፣ በጨጓራቸው ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ከሣር በል በጎች የተለዩ እንደሆኑ ከተረጋገጠ፣ ነገሩን የወሰነው ሥነ ሕይወት ነው እንጂ የመሬት ስሪት አይደለም ሊባል ይችላል። በ1980ዎቹ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የሣርን አሰር የሚፈጩት የተለመዱት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች በእነዚህ በጎች ጨጓራ ውስጥ የሉም ወይም ተመናምነዋል፤ ቦታቸውን የአረሙን ስኳር የሚሰባብሩ ሌሎች ይዘውታል። ይህ እውነት ነው፤ ታላቅ ነገርም ነው። ነገር ግን ይህ ችሎታ አረሙን ለመፍጨት የተገኘ እንጂ ሚቴንን ለማጥፋት አይደለም። በጎቹ የሚበሉት በአብዛኛው ቡናማውን የቀዝቃዛ ባሕር አረም ነው፤ ሚቴንን ወደ ምንም የሚያስጠጋው ደግሞ በሞቃት ባሕሮች የሚበቅል ቀይ አረም ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ብቻ አንዱ ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም። ደግሞም ሥነ ሕይወቱ የሚፈቅደውን ያህል ብዙ እንስሳት በብዙ ባሕር ዳር አረም መብላት ይችሉ ነበር፤ የፓፓ ዌስትሬይ ጥርሶች ይህን ይመሰክራሉ። የሚችሉትን ሁሉ ያላደረጉት የተሻለ ነገር ባገኙ ጊዜ ባለቤቶቻቸው ወደዚያ ስለወሰዷቸው ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ታሪኩ ተደገመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጃ ሲጠፋ ፈረንሳዮች የደረቀ የባሕር አረም ለጦር ፈረሶች ሰጥተው ሞከሩ፤ ፈረሶቹ ሲለምዱት ተቀበሉት። በፈረንሳይ፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በጀርመን የአረም ዱቄት የሚፈጩ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ሰላም ወርዶ እህል ሲገኝ ግን ፍላጎቱ ቀዘቀዘ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ኖርዌይ የባሕር አረም የምርምር ተቋም አቁማ ጉዳዩን በትዕግሥት መረመረች። ከሙከራዎቹ ሁሉ የማደንቀው በመንታ ላሞች የተደረገውን ነው፦ 7 ጥንድ መንቶች ለ7 ዓመት ተይዘው፣ ከየጥንዱ አንዷ በመኖዋ ውስጥ የአረም ዱቄት እንዲገባላት ተደረገ፤ የእነዚህ ወተት በአማካይ ወደ 7 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ውጤቱ መጥፎ አልነበረም። ሆኖም አረሙ የማዕድንና የቫይታሚን ማሟያ እንጂ ዋና መኖ እንደማይሆን ታወቀ፤ ማሟያን ደግሞ ከፋብሪካ በርካሽ መግዛት ይቻላል። አረም አብዛኛው ውኃ ነው። ኖርዌይ 10,000 ቶን ዱቄት ለማግኘት 50,000 ቶን እርጥብ አረም ታጭድ ነበር፤ ያንን ውኃ ለማትነን የሚነድደው ነዳጅ ዋጋውን ይበላዋል። ላሟ የተቀበለችውን ሒሳቡ አልተቀበለውም።

የአሁኑ ምዕራፍ የተከፈተው በካናዳዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ነው። ጆ ዶርጋን የተባሉ የወተት ከብት አርቢ፣ ማዕበል የጣለውን አረም የሚበሉት ላሞቻቸው ከሌሎቹ የተሻለ ጤና እንዳላቸው አስተውለው አረሙን ለመሸጥ ፈለጉ፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ለማግኘት ወደ ተመራማሪው ሮብ ኪንሊ ሄዱ። ኪንሊ በቤተ ሙከራ ሲለኩት ሚቴኑም በመጠኑ ቀንሶ አገኙት። ከዚያ ወደ አውስትራሊያ ተሻግረው ከሌሎች ጋር ብዙ ዓይነት አረሞችን ፈተሹ፤ አስፓራጎፕሲስ የሚባለው ቀይ አረም ከሁሉም በልጦ ወጣ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። መኖ በጨጓራ ውስጥ ሲብላላ ሃይድሮጂን ይለቀቃል፤ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን ይሠራሉ፤ እንስሳውም ያገሣዋል። በዚህ መንገድ እንስሳው ከመኖው ኃይል ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ቀዩ አረም ብሮሞፎርም የሚባል ውሕድ ስላለው የመጨረሻውን ደረጃ የሚያስኬደውን ኢንዛይም ያግደዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ ትውልደ ኤርትራዊው ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ክብረአብና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባሳተሙት ጥናት በ21 ሰንጋዎች ላይ ለ147 ቀናት በተደረገ ሙከራ፣ ከመኖአቸው ግማሽ በመቶ እንኳ የማይበልጥ አረም በተሰጣቸው ላይ ሚቴኑ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ የሚያሞቅ ጋዝ ነውና፣ ይህ ቁጥር ዓለምን ቢያነቃቃ ተገቢ ነው።

ታዲያ የጥንቱን ሸክም ለምን ታነሣብናለህ፣ ያኔ ጭነት ጭነት ይፈለግ ነበር፣ አሁን ቁንጥር ይበቃል የሚል ካለ ጥያቄው ትክክል ነው። መጠኑ በማነሱ የማጓጓዣው ችግር በእርግጥ ቀልሏል። ነገር ግን ችግሩ ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ቀዩ አረም ማዕበል የሚጥለው አይደለም፤ በገመድ ላይ ወይም በገንዳ ውስጥ መመረት አለበት። ብሮሞፎርሙ ተናኝ ስለሆነ በማድረቅና በማከማቸት ጊዜ ይቀንሳል። በየቀኑ ካልተሰጠም ሥራውን ያቆማል። ለዚህ ነው በማድለቢያ ውስጥ የታየው ውጤት ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያንሰው፦ በመስክ የሚግጡ ሰንጋዎች በተድበለበለ መኖ መልክ ሲሰጣቸው ቅነሳው ወደ 38 በመቶ ወረደ፤ በአውስትራሊያ ከ9 ወር በላይ በቆየ የማድለብ ሙከራ ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2019 በታተመ የወተት ላሞች ሙከራ፣ መጠኑ ወደ 1 በመቶ ከፍ ሲል ሚቴኑ በጣም ቀነሰ፤ ላሞቹም መኖውን ጠሉት፣ ወተታቸውም ከ10 በመቶ በላይ ጎደለ። በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት በወተትና በሽንት ውስጥ ብሮሞፎርም አግኝቷል፤ አረሙ የሚያበዛው አዮዲንም ወደ ወተት ያልፋል። እነዚህ ሊፈቱ የሚችሉ ችግሮች ናቸው፤ ተመራማሪዎቹም በቅንነት ይዘግቧቸዋል። የሚፈቱት ግን በገንዘብና በድካም ነው። ገበሬው የሚያድነው የመኖ ኃይል በሥጋና በወተት መልክ በአስተማማኝ ሁኔታ ካልተመለሰለት ደግሞ ያንን የሚያወጣበት ምክንያት የለውም።

የሌብላን ፋብሪካ የኦርክኒን አመድ እንዳስረሳው ሁሉ፣ ዛሬም ቀዩን አረም የሚፎካከር ነገር ከፋብሪካ ወጥቷል። ቦቬር በሚል ስም የሚሸጠው ዱቄት ያንኑ የሚቴን አሠራር በሌላ በር ይዘጋል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2022፣ አሜሪካ በ2024 ለወተት ላሞች ፈቅደውታል፤ ቅነሳው 30 በመቶ ገደማ ነው። ከአረሙ ከፍተኛ ውጤት ያንሳል፤ ሆኖም መጠኑ ከከረጢት ከረጢት አይለያይም፣ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ብሮሞፎርሙን ራሱን ያለ አረም በፋብሪካ የሚሠሩም አሉ። በዚህ ፉክክር አረሙ ተፈጥሯዊ መሆኑ ይረዳዋል የሚሉ አሉ፤ በ2024 መጨረሻ በብሪታንያ ሸማቾች ቦቬር የበሉ ላሞችን ወተት አንገዛም ብለው መነሣታቸውም ይጠቀሳል። እኔ በዚህ ብዙ አልታመንም። ሸማቹ የጠረጠረው ወተቱ ውስጥ የሚገባ ነገርን ነው፤ ስለ ብሮሞፎርም ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ይሆናል። ይልቅ ሚዛኑን የሚለውጠው የዴንማርክ ዓይነት እርምጃ ነው። ያቺ አገር ከ2030 ጀምሮ የእንስሳት ልቀት ላይ ግብር እንዲጣል በ2024 ተስማምታለች። ሚቴን ዋጋ ሲወጣለት ብቻ ነው ቅነሳው የሚሸጥ ነገር የሚሆነው። ያ ዋጋ በአርቢው ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ ግን፣ ኪራዩን በጭስ ውስጥ ቆሞ ይከፍል የነበረው የስትሮንሴይ ጭሰኛ ዕጣ በሌላ መልክ ይመለሳል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል ቢል መልሱ ቀላል አይደለም። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት አገር ስለ ሚቴን በሚደረግ ውይይት ከዳር ልትቆም አትችልም። ነገር ግን አብዛኛው ከብታችን ገለባና የግጦሽ ሣር በል ነው፤ በየቀኑ እየተለካ የሚቀርብለት ድብልቅ መኖ የለውም። ያለ ድብልቅ መኖ ደግሞ ቀዩ አረም የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ቢገባ እንኳ በሱሉልታ፣ በቢሾፍቱና በሰላሌ አካባቢ ባሉ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በሚገዙ የወተት እርሻዎች ነው፤ እነርሱም ዛሬ የሚያስጨንቃቸው የፋጉሎው ዋጋ ነው። የሀገር ዘር ላም በቀን በአማካይ ከ2 ሊትር ያነሰ ትታለባለች፤ ያንን ወተት ለመስጠት ግን ዓመቱን ሙሉ መብላትና ማግሣት አለባት። በአንድ ሊትር ሲሰላ ሚቴኗ የሚበዛው በዚህ ነው። የተሻለ ድርቆሽ፣ የመኖ ዘርና በጊዜው የሚደርስ የእንስሳት ሐኪም የሊትሩን ሚቴን ይቀንሳሉ፤ ከዚያም በላይ ወተቱን ስለሚጨምሩ ወጪያቸውን ራሳቸው ይመልሳሉ። ለሚቴን ቅነሳ ተብሎ ወደ አገራችን የሚመጣ ገንዘብ ካለ፣ ከባሕር ማዶ በሚጫን ዱቄት ላይ ከመዋሉ በፊት ወደነዚህ እንዲሄድ መጠየቅ አለብን።